«የስፔን ዝንብ» ዝንብ አይደለችም፤ የእኛን ማሳ ጥንዚዛዎችስ ምን ብለን እንጥራ?

አዝመራ_ጠባቂ (ክር ከፋች)

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ክር የምከፍተው ስለ አንድ ስም ነው። «የስፔን ዝንብ» የሚለው ስም በመድኃኒት ወሬም በሰብል ተባይ ወሬም እየተደባለቀ ይመጣል። ስሙ ሲደባለቅ እርምጃውም አብሮ ይደባለቃል። መጀመሪያ ስሙን እናጥራ፣ ከዚያ ወደ ማሳው እንውረድ።

የስፔን ዝንብ የምትባለው የታወቀች አንዲት ጥንዚዛ ናት፤ ሳይንሳዊ ስሟ ሊታ ቬሲካቶሪያ። ዝንብ አንድ ጥንድ ክንፍ ብቻ ነው ያለው። ይቺ ግን እንደ ማንኛውም ጥንዚዛ ከላይ ሽፋን የሚሆን ጥንድ፣ ከሥሩ ደግሞ የምትበርበት ስስ ጥንድ ክንፍ አላት። አገሯም ስፔን ብቻ አይደለም፤ ከደቡብና ከመካከለኛው አውሮፓ እስከ መካከለኛው እስያ ድረስ ትገኛለች። በድሮ አውሮፓውያን አነጋገር የሚበር ትንሽ ፍጥረት ሁሉ «ዝንብ» ይባል ስለነበር ስሙ እንደዚያው ቀረ።

መልኳ አያሳስትም። ከ15 እስከ 22 ሚሊሜትር ትረዝማለች፣ ቀጭንና ሞላላ ናት፣ ወርቅ የተነሰነሰበት የሚመስል የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ቀለም አላት። የወይራ ቤተሰብ የሆኑ ዛፎችን ቅጠል ትበላለች፤ በብዛት ሲሰፍሩ የአይጥ ሽታ የመሰለ ጠረን ይመጣል። የተፈጥሮ ተመራማሪው ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. «ሜሎዬ ቬሲካቶሪየስ» ብሎ ሰየማት፤ ሊታ የሚለውን ወገን (ጂነስ፣ የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ስብስብ) ሌላው ተመራማሪ ፋብሪሲየስ በ1775 አወጣው። «ቬሲካ» በላቲን ፊኛ ማለት ነው፤ መርዟ ሲነካው ቆዳ ላይ የሚነሳውን ውሃ የቋጠረ እብጠት ለማመልከት የተመረጠ ቃል ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በቦሎቄ፣ በባሚያ፣ በርግብ አተርና በማሽላ አበባ ላይ የምናያቸው ጥቁር ሆነው ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ መቀነት የታጠቁ ጥንዚዛዎች የዚችው ቤተሰብ ናቸው። ቤተሰቡ ሜሎይዴ ይባላል፤ በዓለም ላይ ከ2,500 በላይ ዝርያዎች አሉት። የእኛዎቹ መቀነታም ጥንዚዛዎች በአብዛኛው ሂክሌውስ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ በቆዩ መጻሕፍት ላይ ሚላብሪስ ተብለው ታገኟቸዋላችሁ። ስለዚህ የማሳችንን ጥንዚዛ «የስፔን ዝንብ» ማለት ዝርያውንም ወገኑንም መሳት ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በእንግሊዝኛው ስም «ብሊስተር ቢትል» እያልን እንቀጥል? ወይስ ገበሬውም የጤና ባለሙያውም ሰምቶ ወዲያው የሚረዳው የአማርኛ ስም እናውጣ?

—

ሆሄ_ለቃሚ

ጥሩ ክር ነው። አንዳንዶች «ውሃ ቋጣሪ ጥንዚዛ» ሲሉ አይቻለሁ። ሐሳቡ ደግ ነው፣ ሰዋስዉ ግን አይቆምም። ውሃ የሚቋጥረው ቆዳው ነው፤ ጥንዚዛዋ የምታስቋጥረው ናት። «ቋጣሪ» ስንል ጥንዚዛዋ ራሷ በሆዷ ውሃ የያዘች ይመስላል። «ውሃ አስቋጣሪ ጥንዚዛ» ቢባል ትክክል ይሆናል፣ ግን ለአፍ ከበድ ይላል። «አቁሳይ ጥንዚዛ» አጭር ነው፣ ማስጠንቀቂያውም በስሙ ውስጥ አለ፦ ያቆስላል፣ በእጅህ አትንካ።

በአማርኛ «መቋጠር» ለአበባም የምንለው ቃል መሆኑን ደግሞ አስቡት። ቦሎቄ ፍሬ ቋጠረ እንላለን። ይቺ ጥንዚዛ የቦሎቄው አበባ ፍሬ እንዳይቋጥር ታደርጋለች፣ የሰውየውን እጅ ግን ውሃ ታስቋጥራለች። በሥልጠና ላይ ይህን አረፍተ ነገር መናገር ብቻ ሁለቱንም ጉዳት ያስይዛል።

—

አዝመራ_ጠባቂ

«አቁሳይ ጥንዚዛ» እኔም ደስ ብሎኛል። ሌሎች እስኪናገሩ በዚህ ክር እሱን ልጠቀም።

አሁን ወደ መለየቱ። የሰብል ባለሙያ በ10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ ካለው አራት ነገር ቢያይ ይበቃዋል። አንደኛ አንገት፦ ጭንቅላቷ ሰፊ ነው፣ ከኋላው ያለው የደረት ክፍል ይጠባል፤ አንገቷ ተለይቶ ይታያል። ብዙ ጥንዚዛዎች ጭንቅላታቸው በደረታቸው ውስጥ የተቀበረ ስለሚመስል ይህ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል። ሁለተኛ የላይ ክንፍ፦ ለስላሳ ነው፣ እንደ ቆዳ ይታጠፋል፤ የሌሎቹ ጥንዚዛዎች ግን እንደ ቅርፊት ይጠነክራል። ሦስተኛ እግር፦ የፊትና የመካከለኛ እግሮቿ መጨረሻ ላይ ያሉት ትንንሽ አንጓዎች 5፣ 5 ናቸው፤ የኋላ እግሯ ላይ 4 ብቻ ናቸው። አራተኛ ጥፍር፦ እያንዳንዱ ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነው።

ሂክሌውስን ከሊታ ለመለየት አንቴናውን እዩ። የሊታ አንቴና ከሥር እስከ ጫፍ ክር ነው፤ የሂክሌውስ ጫፉ ላይ እንደ ዱላ ራስ ይወፍራል። ቀለምን ብቻ ይዞ ዝርያ መጥራት ያሳስታል፤ በአንድ ማሳ ላይ መቀነቱ የሰፋም የጠበበም፣ ነጠብጣብ የሆነም ይገኛል።

—

የቆዳ_ክሊኒክ

ከጤና በኩል አንድ ከባድ መደበላለቅ ስላለ ልጨምር። ሰው ጠዋት ሲነሳ አንገቱ ወይም ክንዱ ላይ የሚያቃጥል ውሃ የቋጠረ ቁስል ያያል። ሦስት ስም ይሰጠዋል፦ «ሸረሪት ሸናብኝ»፣ «አልማዝ ባለጭራ ነው»፣ ወይም «የናይሮቢ ዝንብ ነክሶኝ ነው»። እዚህ ክር ላይ አራተኛው ታከለ፣ አቁሳይ ጥንዚዛ። አራቱም የተለያዩ ናቸው፣ የሸረሪቱ ደግሞ ከናካቴው የለም።

አልማዝ ባለጭራ የቫይረስ በሽታ ነው፤ በልጅነት ጉድፍ ያስያዘው ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ሲነሳ የሚመጣ ነው። ምልክቱ በአካል አንድ ጎን ብቻ፣ በነርቩ መስመር ላይ እንደ ቀበቶ መውጣቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ሽፍታው ከመውጣቱ ከአንድ እስከ ጥቂት ቀን በፊት ሕመሙ ይጀምራል። መድኃኒቱ አሳይክሎቪር የተሻለ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። «ጥንዚዛ ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ሦስት ቀን የጠበቀ ሰው ያንን ጊዜ አሳለፈ ማለት ነው። ዓይን አካባቢ ከወጣ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት።

የናይሮቢ ዝንብ የምትባለው ፔዴረስ ናት። እሷም ዝንብ አይደለችም፤ ጥንዚዛ ናት፤ ግን ቤተሰቧ ሌላ ነው። ከ7 እስከ 10 ሚሊሜትር ብቻ ናት፣ ብርቱካናማና ጥቁር እየተፈራረቀባት ጉንዳን ትመስላለች፣ የላይ ክንፏ አጭር ስለሆነ ሆዷ ከኋላ ተራቁቶ ይታያል። አትነክስም፣ አትናደፍም። ማታ ወደ ፍሎረሰንት መብራት ትመጣለች፣ ሰው አንገቱ ላይ ሲያገኛት ይጨፈልቃታል፣ ያኔ ፔዴሪን የተባለው መርዝ ይፈሳል። ቁስሉ በተጨፈለቀችበት መንገድ ልክ በመስመር ይወጣል፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይቀላና ያቃጥላል፣ ሲድን ብዙ ጊዜ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ኬንያ ውስጥ በ1998 እ.ኤ.አ. ከኤልኒኞ ዝናብ በኋላ በብዛት የተነሳችው እሷ ናት።

አቁሳይ ጥንዚዛ ግን የቀን ፍጥረት ናት፣ አበባ ላይ ትገኛለች፣ ትልቅ ናት። መርዟ ካንታሪዲን ነው። ስትነካ ከእግሯ መጋጠሚያ፣ ከጉልበቷ ላይ፣ ቢጫ ዘይት መሳይ ጠብታ ታወጣለች። መጨፍለቅ እንኳ አያስፈልግም፤ ክንድ ላይ የሄደችውን በእጅ መዳፍ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ቆዳው መጀመሪያ ምንም አይሰማውም። ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ለስላሳ፣ ውሃ የሞላ፣ ሲነካ የሚንቀጠቀጥ ከረጢት ይነሳል። የሚገርመው ሕመሙ ከመልኩ ያነሰ መሆኑ ነው። ክርን ውስጥ ወይም ብብት ውስጥ ከሆነ በተጣጠፈው ቆዳ ሁለት ፊት ላይ እኩል ይወጣል።

—

ድርቆሽ_21

የቆዳ_ክሊኒክ፣ ይህ ማብራሪያ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቢደርስ መልካም ነው። አንድ ጥያቄ፦ ቆዳው ላይ ቅቤ ወይም ቫዝሊን መቀባት ይረዳል ወይስ ይጎዳል? ገጠር ላይ መጀመሪያ የሚታሰበው ያ ነው።

—

የቆዳ_ክሊኒክ

ገና ትኩስ ከሆነ ይጎዳል። ካንታሪዲን ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ በቅባት ውስጥ ግን ይሟሟል። ቅቤ ሲቀባ መርዙ ከነበረበት ተነስቶ ወዳልነካው ቆዳ ይሰራጫል፣ ወደ ውስጥ መግባትም ይቀለዋል። መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ ብዙ ሳሙናና ብዙ ውሃ ነው፤ ሳሙናው ቅባታማውን መርዝ ያነሳል። ልብሱንም ቀይሩ፣ ለብቻው ይታጠብ። እጅ ሳይታጠብ ዓይን አይታሽ፣ ሽንት ቤትም አይገባ፤ ሁለቱም ቦታ ቆዳው ስስ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ታጥቦ ወደ ሕክምና።

ከረጢቱ ከተነሳ በኋላ አታፍርጡት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። የካንታሪዲን ቁስል በላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውስጥ ብቻ የሚፈጠር ስለሆነ ካላመረቀዘ ያለ ጠባሳ ይድናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ። ጠባሳ የሚተወው በመርፌ ወይም በእሾህ ተበስቶ ሲያመረቅዝ ነው። ትልቅ ከሆነና ራሱ ሊፈነዳ ከደረሰ በክሊኒክ በንጹሕ መሣሪያ ይፈስሳል፣ ቆዳው ግን እንደ ሽፋን እንዲቆይ ይተዋል።

ምክንያቱን ለሚፈልግ፦ ካንታሪዲን ፎስፋቴዝ 2ኤ የሚባለውን ኤንዛይም ያግዳል፤ በዚያ ሰንሰለት የቆዳ ሕዋሳትን እርስ በርስ ቆልፈው የሚይዙት ዴስሞሶሞች ይላላሉ፣ ሕዋሳቱ ይለያያሉ፣ በመሃላቸው ውሃ ይሞላል። ይህን ባሕርይ ሕክምናውም ይጠቀምበታል። በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር 0.7 በመቶ ካንታሪዲን ያለበትን ይካንት የተባለ መድኃኒት ሞለስከም ለሚባለው የቫይረስ ቆዳ እብጠት ዕድሜያቸው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፈቅዷል። ባለሙያ ብቻ ነው የሚቀባው፣ ከ24 ሰዓት በኋላ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ ካስፈለገ በየ3 ሳምንቱ ይደገማል። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ለልጃችሁ ከታዘዘ አትደንግጡ፣ ግን በቤት የሚቀባ ነገር አድርጋችሁም አትግዙት።

—

ፋርማሲ_ዴስክ

ስለ ስሙ ስንነጋገር ገበያውን መዝለል አንችልም። «የስፔን ዝንብ» የሚል ጠብታ በኢንተርኔትና በአንዳንድ ሱቅ ለወሲብ ማነቃቂያ ይሸጣል። ብዙዎቹ ጠርሙሶች ውስጥ ካንታሪዲን የሚባል ነገር የለም፤ ውሃ፣ ስኳርና ማጣፈጫ ነው። አደጋው እውነተኛው ሲገኝ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰው «ይሠራል» የሚለው ከዚህ ተነስቶ ነው። የተዋጠ ካንታሪዲን በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል። በሚወጣበት መንገድ ላይ ቆዳን እንዳቆሰለ ሁሉ ኩላሊትን፣ የሽንት ፊኛንና የሽንት ቧንቧን ያቆስላል። የተቃጠለ ቧንቧ ደም ስለሚሞላው ብልት ይቆማል። ያ ፍላጎት አይደለም፣ ቁስል ነው። ሊኔየስ በስሟ ውስጥ «ፊኛ» ያለው ስለ ቆዳው ነበር፤ መርዙ ግን እውነተኛውን ፊኛም ያገኘዋል።

የተዋጠ እንደሆነ የሚታየው በቅደም ተከተል ይህን ይመስላል፦ አፍና ጉሮሮ ማቃጠል፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ መሽናትና ሲሸኑ ማቃጠል፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ በመጨረሻም ኩላሊት መስነፍ። በሰው ላይ ሞት ያስከተለ መጠን ከ10 ሚሊግራም ጀምሮ ተመዝግቧል። አንዲት ጥንዚዛ በርካታ ሚሊግራም ልትይዝ ስለምትችል «ትንሽ ነው» የሚባል መጠን የለም። ማርከሻ መድኃኒትም የለውም፤ ሆስፒታል የሚሰጠው ፈሳሽ፣ የሕመም ማስታገሻና የኩላሊትና የልብ ክትትል ነው።

የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1989 እ.ኤ.አ. ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የወሲብ ማነቃቂያ ነን ባይ ምርቶች በሙሉ፣ ካንታሪዲንን ጨምሮ፣ መሥራታቸው አልተረጋገጠም ብሎ ደንብ አውጥቷል። ገልፍ አገር ያላችሁ ወገኖች በዓረብኛ «አዝ ዙባብ አል ኢስባኒ» ተብሎ የተጻፈበት ጠርሙስ ብታዩ ስሙ ይኸው ነው፤ አትሞክሩት፣ ሰው መጠጥ ውስጥ መጨመርማ ወንጀል ነው።

—

ሆሄ_ለቃሚ

ፋርማሲ_ዴስክ፣ መርዝ የዋጠ ሰው ወተት ይጠጣ የሚለው ምክርስ? እኛ ዘንድ ለሁሉም መርዝ የሚሰጠው እሱ ነው።

—

ፋርማሲ_ዴስክ

እዚህ ላይ አይሆንም፣ በደንብ ይሰመርበት። ወተት ቅባት አለው፤ ዘይትና ቅቤም እንደዚያው። ካንታሪዲን በቅባት ስለሚሟሟ ሰውነት እንዲመጠጥ ያግዛል። ማስመለስም አይገባም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ጉሮሮ ሲወጣ ሁለተኛ ይቃጠላል። አፉን በውሃ አጉመጥምጦ መትፋት፣ ምን ያህል ሰዓት እንደሆነ መያዝ፣ ጠርሙሱን ወይም ጥንዚዛዋን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድ፤ ይኸው ነው። ሕፃን ልጅ ጥንዚዛ አፉ ውስጥ ከተገኘም ምልክት እስኪመጣ አይጠበቅ።

—

ቀፎና_አበባ

ወደ ማሳው እንመለስ። አዝመራ_ጠባቂ፣ እስካሁን ያልተነገረ ነገር አለ፦ የእነዚህ ጥንዚዛዎች ልጆች ጠቃሚ ናቸው። የብዙዎቹ የሂክሌውስና የሚላብሪስ እጮች አፈር ውስጥ የፌንጣ እንቁላል ከረጢት ፈልገው ይበላሉ። ከእንቁላል ስትወጣ ረጃጅም እግር ያላት፣ ሯጭ እጭ ናት፤ አፈሩን እየሰነጠቀች ትፈልጋለች። የፌንጣ እንቁላል ካገኘች በኋላ ቆዳዋን ስትቀይር ሌላ ፍጥረት ትሆናለች፦ ወፍራም፣ እግረ አጭር፣ ከምግቧ የማትነቃነቅ ትል። ክፉውን ወቅት ደግሞ ጠንካራ ቅርፊት ለብሳ ሳትበላ ታሳልፋለች። ሊታ ቬሲካቶሪያ በዚህ ትለያለች፤ የእሷ እጭ አፈር ውስጥ ቤት የሚሠሩ ብቸኛ ንቦችን ጎጆ ገብታ ነው የምታድገው።

ስለዚህ ፌንጣ የበዛበት ዓመት ካለፈ በኋላ በሚቀጥለው ወቅት አቁሳይ ጥንዚዛ ቢበዛ አትገረሙ። መብል ስለተረፈ ነው።

ርጭትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ አበባ ላይ አትርጩ። ጥንዚዛዋ አበባ ላይ በምትሆንበት ሰዓት ንቧም አለች። የምትረጩት ነገር ዛሬ ያለችውን ጥንዚዛ ይገድላል፤ ነገ ከአጥርና ከጎረቤት ማሳ ሌላዋ በርራ ትመጣለች፣ ንቧ ግን ቀፎዋ ይዳከማል።

—

አዝመራ_ጠባቂ

በመርሁ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልለይ። ጉዳቱ እንደ ሰብሉና እንደ ጊዜው ይለያያል። አበባ ለረጅም ጊዜ በሚያወጣ ሰብል ላይ፣ ለምሳሌ ባሚያና ርግብ አተር፣ ጥንዚዛዋ የዛሬውን አበባ ብትበላ ተክሉ ሌላ ያወጣል። ባንድ ጊዜ አብቦ በሚጨርስ አጭር የቦሎቄ ዝርያ ላይ ግን የአንድ ሳምንት ወረራ በቀጥታ ከምርቱ ይቀነሳል። የአበባውን ቅጠል ብቻ ሳይሆን ብናኝ የሚያወጣውን ክፍል ጭምር ትበላለች፤ አበባው ይረግፋል፣ ፍሬ አይቋጥርም። ማሽላ ላይ ደግሞ ብናኙን ትለቅማለች፤ ራሱ ላይ ብዙ ጥንዚዛ ቢታይም ፍሬው ከያዘ በኋላ ጉዳቷ እምብዛም ነው። በደረሰ ማሽላ ላይ ታይታ ርጭት ሲታዘዝ ገንዘብ መጣል ነው።

የቤት ጓሮና እስከ ሩብ ሄክታር ለሆነ ማሳ ለቀማ ይሠራል። እንዲህ ነው፦

ሰዓቱ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይሞቅ። ጥንዚዛዋ ሌሊት በብርድ ደንዝዛ አበባው ላይ ታድራለች፤ ረፋድ ላይ ግን ስትነካ ትበራለች። ባልዲ ላይ 5 ሊትር ውሃና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና ይበጥበጥ። ሳሙናው ለአረፋው አይደለም፤ የውሃውን ገጽ ስለሚያላላ ጥንዚዛዋ ሳትንሳፈፍ ትሰምጣለች። ባልዲውን ከአበባው በታች ያዙና ቅርንጫፉን በአጭር እንጨት መታ መታ አድርጉ። ብዙዎቹ ሲነኩ ራሳቸውን ስለሚጥሉ ቀጥታ ይገባሉ። የጎማ ጓንት፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ የሸሚዙ አንገት የተቆለፈ። ልጆች ለለቀማ አይላኩ።

የሚበላሸው የት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰዎች የጨርቅ ጓንት ያደርጋሉ፤ ፈሳሹ ጨርቁን ዘልቆ ቆዳ ላይ ይቀመጣል፣ ጓንቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያሽበታል። ሌላው፣ የሞተውን ጥንዚዛ ለዶሮ ይደፋሉ ወይም ባልዲውን ከብት በሚጠጣበት ቦይ አጠገብ ያፈሳሉ። ጥንዚዛ ሲሞት መርዙ አይሞትም። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት።

—

ድርቆሽ_21

«ሲሞት መርዙ አይሞትም» የሚለውን ልያዘው፤ የእንስሳት ሕክምና ዋናው ጭንቀት እሱ ነውና።

በአሜሪካ ደረቅ ሜዳዎች አልፋልፋ በሚባለው የመኖ ተክል ላይ ኤፒካውታ የሚባል ወገን አለ፤ ጥቁር መስመር ያለባት ኤፒካውታ ቪታታ በዚያ ትታወቃለች። አልፋልፋው በሚያብብበት ጊዜ በመንጋ ሆነው ይመጣሉ። ማጨጃው ከኋላው ግንዱ ቶሎ እንዲደርቅ የሚጨፈልቅ ሮለር ካለው ጥንዚዛዎቹን አብሮ ይጨፈልቃቸዋል፣ ከድርቆሹ ጋር ይጠቀለላሉ። ካንታሪዲን በመድረቅ አይበላሽም፤ ድርቆሹ ለዓመታት መርዛም ሆኖ ይቆያል። መንጋው አንድ ቦታ ስለሚሰፍር አንዱ እሥር ንጹሕ ሆኖ ቀጣዩ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ናሙና ወስዶ «ንጹሕ ነው» ማለት የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚጎዳው ፈረስ ነው፣ በቅሎና አህያም ሊጠበቁ ይገባል። በፈረስ ላይ ገዳዩ መጠን በኪሎ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊግራም አካባቢ ይገመታል። ሒሳቡን ለጋሪ ፈረስ እናውርደው፦ 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ከ125 እስከ 250 ሚሊግራም። አንዲት ጥንዚዛ 5 ሚሊግራም ከያዘች ከ25 እስከ 50 ጥንዚዛ ማለት ነው፤ አንድ እፍኝ። ከብትና በግ ከፈረስ ይበልጥ ይቋቋማሉ፣ አይነካቸውም ማለት ግን አይደለም።

ምልክቱ፦ የሆድ ቁርጠት፣ ላብ፣ መኖ መተው፣ አፍና ምላስ ላይ ቁስል። ፈረሱ አፉን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሳይጠጣ ሲጫወት ይታያል፤ ለማብረድ ነው። ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ሽንቱ ደም ይቀላቅላል። ደሙ ውስጥ ካልሲየም ስለሚወርድ ጎኑ ከልቡ ምት ጋር እኩል ሲርገበገብ ይታያል። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ፈረስ በየሰዓቱ ይከፋል፤ መኖውን አቁሞ ሐኪም መጥራት ነው። ፈሳሽና ካልሲየም የሚሰጠው በባለሙያ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ነው።

እኛ ጋ አልፋልፋ በማጭድ ታጭዶ እርጥቡን ስለሚሰጥ የመጨፍለቁ ነገር ያንሳል። ሮለር ያለው ማጨጃ የሚጠቀሙ የወተት እርባታዎች ግን ይህን ይያዙ፦ አበባው ከ10 በመቶ ሳያልፍ እጨዱ፤ አበባ ከሌለ ጥንዚዛዋ የምትመጣበት ምክንያት የላትም። አበባ ካመለጣችሁ ሮለሩን ከፍታችሁ ሳትጨፈልቁ እጨዱና የታጨደው ተዘርግቶ ይጠውልግ፤ በሕይወት ያሉት ራሳቸው ትተው ይሄዳሉ። በታጨደው ላይ የትራክተር ጎማ አይለፍበት። በአጥሩ ዳር ዳር ያለውን አረም ከነአበባው አስቀድማችሁ እጨዱ፤ መንጋው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

—

ኬፕ_ማስታወሻ

ስለ ስም ከሆነ ከደቡብ አፍሪካ አንድ ምሳሌ። ሂክሌውስ ኦኩላተስ የምትባለው የእኛዎቹ የቅርብ ዘመድ እዚያ «ሲኤምአር ጥንዚዛ» ትባላለች። ሦስቱ ፊደላት የድሮው የኬፕ ፈረሰኛ ጠመንጃ ያዦች ጦር ምህጻረ ቃል ናቸው፤ የጥንዚዛዋ ጥቁርና ቢጫ የጦሩን የደንብ ልብስ ስለሚመስል ነው። ጦሩ ከፈረሰ ቆየ፣ ስሙ ግን በጽጌረዳና በባቄላ ጓሮ ውስጥ ቀረ። ጥሩ ስም ነው ብዬ አላስብም፤ መልኳን ያስታውሳል እንጂ ምን እንደምታደርግ አይነግርም። በዚህ ረገድ «አቁሳይ» ይበልጠዋል።

ቻይናዎች ደግሞ ከዚሁ ወገን ሁለት ዝርያዎችን «ባን ማኦ» ብለው አድርቀው ለባሕላዊ መድኃኒት ይይዛሉ። ስለዚህ «ካንታሪዲን» ሲባል የስፔኗ ብቻ ናት ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሮቢኬ በ1810 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ከሊታ ስለሆነ ስሙ በእሷ ላይ ከበደ እንጂ መርዙ የቤተሰቡ ነው።

—

ቀፎና_አበባ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ስለ መርዙ ባለቤትነት። በብዛት የሚሠራው ወንዱ ነው። ሲጣመሩ ለሴቷ ያስረክባታል፣ እሷም እንቁላሏን ትቀባበታለች፤ ጉንዳንና ሌሎች በላተኞች እንቁላሉን ይተዉታል። በማለዳ ለቀማ ጊዜ ተጣምረው የምታገኟቸውን ቅድሚያ ስጡ፤ እንቁላል ልትጥል ያለች ሴት ተገኘች ማለት ነው።

—

አወያይ

በክሩ ላይ ተቃውሞ ስላልቀረበ በመድረካችን የሰብል ክፍል ለሜሎይዴ ቤተሰብ «አቁሳይ ጥንዚዛ» የሚለውን እንጠቀማለን፤ «የስፔን ዝንብ» ለሊታ ቬሲካቶሪያ ብቻ ይቆያል፣ «የናይሮቢ ዝንብ» ደግሞ ለፔዴረስ። በአካባቢያችሁ ገበሬው የሚጠራበት ስም ካለ ከወረዳው ስም ጋር እዚሁ ጻፉት፤ ያ ስም ከኛው ይቀድማል።

ፎቶ የምትልኩ ሦስት አንሱ፦ ከላይ፣ ከጎን፣ እና አንቴናውን አቅርቦ የሚያሳይ፤ ከአጠገቡ ማስመሪያ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም ይቀመጥ። ናሙና ለምርምር ማዕከል የምትሰጡ በወረንጦ አንስታችሁ 70 በመቶ አልኮል ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ፤ ጠርሙሱ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ይግባ፣ እስክሪብቶ በአልኮል ይለቃል። ቀኑ፣ ቀበሌው፣ ከፍታው፣ የተገኘችበት ሰብልና ሰብሉ የነበረበት ደረጃ ይጻፍ። ጠርሙሱ ላይ «መርዛም፣ አትክፈቱ» ይለጠፍ።